«እኔ አሁን የለሁም»

አጎቴ ከሲያትል ወደ ምዕራብ አፍሪካ እየተመላለሱ መንግሥታትንና ወታደሮችን ለጎርፍና ለወረርሽኝ በልምምድ ያዘጋጁ ነበር። ልምምዱ ሲጦፍ ዋናውን አዛዥ ከወንበራቸው ያስነሡና «እርስዎ ሞተዋል፤ ጥግ ይዘው ዝም ይበሉ» ይላሉ። ከዚያ የቀሩት ምን እንደሚያደርጉ ያያሉ።

ሲያትል አጠገብ፣ ቱክዊላ ባለው ቤታቸውም ያው ነበሩ። የበዓል ሽር ጉድ መሀል መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «እኔ አሁን የለሁም» ይላሉ። እኛ ግን መች አስቻለን! «ጋሼ፣ በጉን ማን ያምጣ? ጋሼ፣ ቄሱን ማን ኮል ያድርግ?» እንላለን።

«ሙት ይጠየቃል እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። ኋላ እናሳዝናቸዋለን መሰለኝ፣ ይነግሩናል።

አምና ያ ሥራ ተዘጋ፤ የሚተካቸውም ሰው አልተፈለገም። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም።

የቀብራቸው ለት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ፣ አስከሬኑን ማን እንደሚቀበል፣ ለቀስተኛው የት ፓርክ እንደሚያደርግ የሚያውቅ ጠፋ። ሁሉም ይጯጯሃል። ባለቤታቸው ከፍራሹ ላይ ሆነው፣ በለቅሶ በደከመ ድምፅ፣ «ምን ያጨቃጭቃችኋል? እሱን ጠይቁት» አሉ።

ሁላችንም ወደ ወንበሯ ዞርን።

እነዚያ መኮንኖች ምናልባት ያለ አዛዣቸው መሥራት ተምረው ይሆናል። እኛ ግን ዛሬም አንድ ነገር ሲቸግረን ወደዚያችው ባዶ ወንበር እንዞራለን።