የቦዬ ሜዳ አውሮፕላን

ደሬሳ ጀቤሳ የመስማት ችሎታውን ያጣው በሠላሳ ዓመቱ ነው። የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ደብረ ዘይት ተምሮ ወደ ሰሜን ተልኮ ሲሠራ፣ አንድ ቀን የነዳጅ ማከማቻ ሲፈነዳ አጠገቡ ነበር። አካሉ ተረፈ፤ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማም። በጡረታ ተሰናብቶ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ሲመለስ ሰባ ስምንት ዓ.ም. እየተገባደደ ነበር።

እኛ ጎረቤቶቹ የምናውቀው ደሬሳ ሳቁ ከአጥር አልፎ የሚሰማ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር። የተመለሰው ሌላ ሰው ሆነብን። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ያንሾካሹካል። ሰዎች ሲሳሳቁበት ባየ ጊዜ መናገሩን ጭራሽ ተወው። ሚስቱ ሶረቲ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ትሸጣለች። ከገበያ ስትመለስ ጠዋት በተወችው ቦታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ታገኘዋለች።

«ጆሮውስ ይቅር» ትል ነበር፣ «እሱ ራሱ ነው እዚያ የቀረብኝ።»

በዓመቱ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው በምልክት ነገረው። ሲወጡ ግን ጓሮው ውስጥ፣ ሮላንዶ የሚባል ኩባዊ መካኒክ ጄኔሬተር ፈትቶ ላቡን ያንጠፈጥፋል። ደሬሳ ቆም ብሎ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመፍቻዎቹ አንዱን አነሣና አቀበለው። ኩባዊው የሚፈልገው እሱኑ ነበር። የዚያን ቀን ሶረቲ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች፤ ደሬሳ የመጣው እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ሆኖ ነው። አንዱ አማርኛ አይችል፣ ሌላው አይሰማ፤ ሁለቱም ቋንቋ ስላላስፈለጋቸው ጥሩ ወዳጆች ሆኑ።

ሮላንዶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ተወለት። ውስጡ አውራ ጣት የምታህል ሞተር፣ አንቴና ያለው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ባልሳ የሚባል እንደ ላባ የቀለለ እንጨትና የትንሽ አውሮፕላን ንድፍ ነበረበት። የሚበር አውሮፕላን፤ ሰው መሬት ላይ ቆሞ የሚመራው።

ደሬሳ ፊቱን ከግድግዳው ያዞረው ያኔ ነው። የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ታሽጎ የመጣበትን ነጭ ፎም ለመነና አመጣ። ሽቦ በባትሪ አግሎ ፎሙን በክንፍ ቅርጽ ቆረጠው። ባልሳውን በምላጭ እየሰነጠቀ ለክንፉ አጥንት አበጀለት። ሊያጣብቀው ሲል ግን የጫማ ማስቲሹ ፎሙን እንደ ስኳር አቀለጠው። ደሬሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተራገመ። ሶረቲ ጓዳ ሆና ሰምታ ሳቀች፤ ከስንት ወር በኋላ መናገሩ ነበር። በማግስቱ የአናጢ ኮላ ገዝታለት መጣች።

ነዳጁ ኤተር የሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ፣ ላምባና የጉሎ ዘይት ነው። ኤተሩን ሮላንዶ ትቶለታል፤ ላምባው ከሱቅ፣ ጉሎው ከአጥር ሥር። አውሮፕላኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ከከተማው ወጣ ብለው፣ ረግረጉ አጠገብ ወዳለው የቦዬ ሜዳ ይዘውት ሄዱ። ሶረቲ እንዳሳያት ወረወረችው። ተነሣ! ነጩ ክንፍ ከዛፎቹ በላይ ወጣ፤ ደሬሳ ሳጥኑን ይዞ አንጋጦ ይከተለዋል። ድንገት አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሽቅብ እንዳቀና ቀጥ አለ፤ ከዚያም እንደ ድንጋይ ወረደ። ባልሳው ሁሉ ደቀቀ።

ደሬሳ ስብርባሪውን ጥግ ላይ ወርውሮ ተኛ። ጠዋት ሶረቲ ፊቱ ቁጭ ብላ፣ ከንፈሯን እንዲያነብ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሞተሩ ጠፍቶ ነበር።»

«መቼ?»

«ከመውደቁ በፊት። ድምፁ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። አንተ ግን ሽቅብ መንዳትህን አልተውክም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ሰማይ ሰማይ ታያለህ! በምን ልንገርህ?»

 ደሬሳ እጇን ይዞ ትከሻው ላይ አስቀመጠው።

«በዚህ» አላት።

ተስማሙ። ሞተሩ ሲደክም ትጫነዋለች፤ ሲጠፋ እጇን ታነሣለች። ባልሳ ጅማ ውስጥ ከየት ይምጣ? ሶረቲ ሰቃ ገጠር የሚገኘው የአባቷ አጥር ትዝ አላት፤ ኮርች ነው። ለማገዶ እንኳ የማይረባ፣ ሲደርቅ ግን ክብደት የሌለው እንጨት። አመጡና አደረቁት። ከባልሳው ትንሽ ይከብዳል እንጂ አይሰበርም።

አዲሱ ክንፍ አልቆ ደሬሳ መቆጣጠሪያውን ደጅ ላይ ሲፈትሽ፣ አንቴናውን ያየ ሰው ለቀበሌ ተናገረ። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው እሱንም ሳጥኑንም ወሰዷቸው። በዚያ ዘመን የሬዲዮ ማሠራጫ ይዞ መገኘት የዋዛ ነገር አልነበረም። ሶረቲ ሱቋን ጥላ እየሮጠች ደረሰች። ሊቀመንበሩ እሱባለው ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያገላብጣል።

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገርበት?» ደሬሳ ላይ ጮኸ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ሶረቲ፣ «ይኼ ሰው ከኔም ጋር በስንት መከራ ነው የሚነጋገረው። አይሰማም እኮ!»

አንዱ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። እሱባለው አልሳቀም።

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«አውሮፕላን ያበራል።»

«እሁድ አሳዩኝ» አለ ሊቀመንበሩ። «ካልበረረ ሁለታችሁም ወደ በላይ አካል ትሄዳላችሁ።»

እሁድ ግማሹ ጊንጆ ቦዬ ሄደ፤ እኔም ነበርኩበት። ደሬሳ ሞተሩን ሲያስነሣ ሶረቲ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ድምፁ እስኪስተካከል «ገና... ገና... ቶሌ፣ በቃ!» እያለች በጣቷ አመለከተችው። ወረወረችውና ሮጣ መጥታ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። አውሮፕላኑ ወጣ። ዞረ። በላያችን አልፎ ወደ ረግረጉ ሄደ፤ ሕዝቡ አንገቱን አብሮ ያዞራል። ድምፁ መድከም ሲጀምር ያወቅነው ጥቂቶች ነን። ሶረቲ ትከሻውን ተጫነችው። ደሬሳ ወዲያው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሜዳው መለሰው። ሞተሩ ጠፋ፤ እጇን አነሣች። ነጩ ክንፍ ያለ ድምፅ ተንሳፍፎ መጥቶ ሣሩ ላይ አረፈ።

«አየሽ?! አየሽው?!» ደሬሳ ሜዳውን በጩኸት ሞላው። የሳቀበት አልነበረም፤ እኛም እንጮኽ ነበርና።

እሱባለው ቀረብ ብሎ ኮርቹን በጣቱ መታ መታ አደረገና «አንዴ ድገሙት እስቲ» አለ። ሳጥኑ ቀበሌ እንዲቀመጥ፣ እሁድ እሁድ እየወሰዱ እንዲያበሩ ወሰነ። እሱም አብዛኛውን እሁድ አልቀረም።

የዚያን ቀን ከተመልካቾቹ መሐል ከሊል የሚባል የአጋሮ የቡና ነጋዴ ነበር። የቡና መፈልፈያ ማሽኑ ሞተር በለቀማው ወቅት አላሠራ ብሎታል። «ያ ሶረቲ» አላት በኦሮምኛ ጠርቶ፣ «የኔንም አዳምጪልኝ።» ሄዱ። እሷ ሰምታ ድምፁ የት ላይ እንደሚሰበር ለደሬሳ ነገረችው፤ እሱ ፈትቶ ጠገነ። ወሬው ከአጋሮ ወደ ሊሙ፣ ከሊሙ ወደ ሸቤ አለፈ። ሶረቲ የጨርቅ ሱቋን ለእህቷ ለቀቀችና ሁለቱ ጊንጆ ውስጥ ጋራዥ ከፈቱ።

አውሮፕላኑን ኤተሩ እስኪያልቅ አበረሩት፤ ከዚያ ክንፉን ጋራዡ ጣሪያ ሥር ሰቀሉት። ደሬሳ መጮኹን አልተወም፤ ከደንበኞቹ ጋር ሲከራከር ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ሁለቱ የቡና ማሽን ሊጠግኑ ገጠር ወርደው ጋራዡ ዝግ ስለሚሆን፣ ሊያሠሩ የመጡትን ተቀብለን መልእክት የምናቆይላቸው እኛ ጎረቤቶቹ ነበርን።