ፂም ያወጣችው ሙሽሪት

ዛሬ ጠዋት ሰቆጣ ላይ አንዲት ሙሽሪት ፂም አወጣች። የለጠፍኳት እኔ ነኝ፤ የፂሙ ጉዳይ ግን ጋሽ ሰይድን ይመለከታል።

ጋሽ ሰይድ የሠርግ ልብስ ያከራያሉ። ለሱቃቸው የመስታወት በር በሁለቱም በኩል የሚታይ ስቲከር አዘዙኝ፤ ከውጭ ለሚያይ ፂማም ሙሽራ፣ ከውስጥ ለሚያይ ቬሎ የለበሰች ሙሽሪት።

ሁለት ዓይነት ስቲከር አሳየኋቸውና «በሩ ፀሐይ ይመታዋል፤ ብርሃን የማያሳልፈውን ይምረጡ» አልኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱንም ስቲከር እንደ ጨርቅ በጣታቸው አሹና «ይሄ ይሻክራል፣ ያን ለስላሳውን ለጥፍ» አሉ።

ለስላሳው ስሱ ነው። ለጠፍኩ።

ዛሬ የረሳሁትን መቀስ ልወስድ ስገባ፣ ከአምደወርቅ የመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን ቬሎ እያስለኩ ነበር። ፀሐይዋ በሩ ላይ ስታርፍ የውጭው ሙሽራ ፂም አልፎ መጣና የሙሽሪት አገጭ ላይ ቁጭ አለ።

እናትየው በሩን አፍጥጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄን ቬሎ አውልቂው» አሉ።

ጋሽ ሰይድ ነጋዴ አይደሉ፣ «እናቴ፣ ከኋላዋ የቆመው ባሏ ነው» ብለው ቀደሙ።

«ከኋላዋ ከቆመ ፂሙ ፊቷ ላይ ምን ይሠራል?»

ልጅቷ ሳቋን በቬሎው ሸፈነች። እኔ እጄ ላይ ያለውን መቀስ መፈለግ ቀጠልኩ።

ከሰዓት ብርሃን የማያሳልፈውን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ተቀብለው በጣታቸው አሹት። «እንግዲህ ይሁን፤ ግን ይሻክራል።»

እናንተስ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሳትፈሩ ጻፉ፤ ጋሽ ሰይድ ፌስቡክ የላቸውም።