አርባ ሺህን ማን ይውሰደው?

ሚስቴን በሎተሪ ነው ያገኘኋት ስል ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። ሎተሪ ደርሶኝ መስሎት ነው። ሎተሪ እንኳን ሊደርሰኝ በደጄም አልፎ አያውቅ። ነገሩ እንዲህ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሰበታ ላይ፣ ከጅማው መንገድ ዳር ባለች አንዲት በረንዳ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ጥሩ ልብስ ሰፊ ነበርኩ ብዬ ብዋሽ ዛሬ ማን ያጋልጠኛል? የሰፋሁላቸው ሁሉ አልፈዋል። ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ በእኔ ሱሪ ቁጭ ለማለት ሲታገሉ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ በዚያ ዕድሜዬ የባለ ወፍጮውን ልጅ ወደድኩና ሽማግሌ ላክሁ።

ባለ ወፍጮው ሰፈርተኛው ሁሉ «ኦቦ» እያለ የሚያከብራቸው፣ በአንድ አፋቸው ኦሮምኛም አማርኛም የሚፈጩ ሰው ነበሩ። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነው።

«ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ዕድል የለውም። ሦስት ፋሲካ ሙሉ በቅርጫ የደረሰው ምንድን ነው? አጥንት! እግዜር ሥጋ የነፈገውን ሰው እኔ ልጄን ልስጠው?»

እውነታቸውን ነው። ስምንት ቤት ሆነን በየፋሲካው በሬ እንጥላለን። ሥጋው ስምንት ቦታ ይመደባል፤ ለእያንዳንዱ መደብ ከሻኛውም ከሽንጡም ከጉበቱም እየተቆነጠረ ይደርሰዋል። እኩል ነው ይባላል። ዓይን ግን አንዱ መደብ አጥንት እንደ በዛበት ያውቃል። ከዚያ ሁላችንም ዕጣ እንሰጣለን፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራና አንድ አንዱን እያነሳ በየመደቡ ላይ ያኖራል። እኔ የምሰጠው ሁልጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። የሚጠራው «የማያውቅ ሰው» ደግሞ የባለ ወፍጮው ልጅ። በሰበታ ከእኔ በቀር ኪሱን በሸሚዝ ቁልፍ ሞልቶ የሚዞር ሰው እንደሌለ ለማወቅ ሊቅ መሆን አይጠይቅም። ይህን ለመረዳት ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

የሽማግሌዎቹን መልስ እንደ ሰማሁ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጠብቄ ያዝኳት።

«አንቺ ነሽ አጥንቱ ላይ የምትጥይኝ?»

«እና የት ልጣልህ?»

«ሽንጡ ላይ ነዋ! ሻኛው ላይ!»

«አባቴ ሞኝ መሰለህ? ቁልፍህ ሻኛ ላይ ብታርፍ ‹ይህቺ ልጅ ነገር አላት› አይልም? ላለማዳላት ብዬ ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«እንዳይነቃብን ነዋ!»

በእውነትም አልነቃብንም። እኔ ራሴ እንኳን አልነቃሁም።

ያን ዓመት ከበሬው ቆዳ የተነሳ ነገር መጣ። ሥጋ ይከፈላል፣ ቆዳ አይከፈልም፤ በየዓመቱ ቆዳው ተሸጦ ገንዘቡ ላይ ስንጨቃጨቅ በዓሉ ያልፋል። ቆዳው የተሸጠ ዕለት ግን አንድ ሎተሪ ሻጭ ከአውቶቡስ ወርዶ በረንዳዬ ሥር ቆመ። ባለ ወፍጮው ብድግ አሉና «በቆዳው ሎተሪ እንግዛ! ለየቤቱ አንዳንድ!» አሉ። ሁላችንም ተስማማን። ሻጩ ስምንት ትኬት ቀድዶ ሰጠን። ቁጥራቸው ከሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ይጀምርና አርባ ሺህ ሦስት ላይ ያበቃል። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አርባ ሺህ ላይ ስደርስ ባለ ወፍጮው አስቆሙኝ።

«አሳየኝ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

«አርባ ሺህ ነው፣ ኦቦ። አንድ አራትና አራት ዜሮ።»

«ዜሮ ማለት ባዶ አይደል? አራት ባዶ ድስት አሰልፎ ነው የመጣው?» ወደ ሻጩ ዞሩ። «አንተ፣ ይህን ቁጥር ለእኛ የመደበው ማነው? ለሰበታ ቂም ያለው ሰው ነው?»

«አባባ፣ ቁጥሩ በተራ ነው የሚታተመው። ማንም ለማንም አልመደበም።»

«የቡራዩ ሰዎች ምን ዓይነት ደረሳቸው?»

«እንደዚሁ በተራ።»

«የሱሉልታዎቹስ?»

«እነሱም እንደዚሁ፣ አባባ። ሁሉም ቁጥር እኩል ነው። አርባ ሺህም እንደ ሌላው ይወጣል።»

«እኩል ከሆነ አንተ ግዛው!» አሉት። ሻጩ ሳቀ፤ አልገዛም ግን። ይህችን ሁላችንም ልብ አልናት።

መቼም ፍርድ ማወቅ ድሮ ቀረ። ስምንታችን ሣር ላይ ተቀመጥንና ትኬቶቹን እንደ ሥጋ መደብ ደረደርናቸው፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በያንዳንዳቸው ላይ ድንጋይ ጫንን። ዘጠኝ የበዛበት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ስቡ የሚንጠባጠብ ሻኛ ሆኖ ታየን። አርባ ሺህ አጥንት ሆነ። አጥንት ለበዛበት መደብ ደግሞ ጉበት ምራቂ ይጨመርለታል። ለትኬት ጉበት ከየት ይምጣ? ብዙ ከተመከረ በኋላ ባለ ወፍጮው አንዲት ቀይ ዶሮ አስመጥተው እግሯን አሰሩና አርባ ሺህ አጠገብ አስቀመጧት።

«አሁን ተካከለ» አሉ። እኔም፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ ቁጥር አንባቢው፣ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲያውም «ዶሮዋ ትንሽ አልከሳችም?» ብያለሁ።

ከዚያ ባለ ወፍጮው በሁሉም ፊት እኔን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «የዚህን ልጅ ዕድል በሥጋ አየን። ዛሬ በቁጥር እናያለን። ዛሬም ከከፋ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ።»

ዕጣችንን ሰበሰብን፤ ልጅቷ ተጠራች። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ጣይልን» አሏት። በጀርባዬ ስታልፍ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች።

«የቱ ነው ጥሩው?»

አቤት መከራ! ሥጋ ቢሆን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል። ከዕድሜዬ አንድ ቀን የሚያዳላልኝ ሰው አገኘሁ፤ ምን ላይ እንደሚያዳላልኝ ግን እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ፣ አዲስ አበባ ያለው ዕጣ ማውጫም ገና አላወቀም። ስምንት ወረቀት፤ የትኛው ሥጋ የትኛው አጥንት እንደሆነ እግዜር ብቻ ያውቃል። በኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ የሚፈርድብኝ እግዜር አይደለም፣ ባለ ወፍጮው ናቸው።

«ጭልፋ የሚመስል ምልክት አራት ጊዜ የተደረደረበት» አልኳት በሹክሹክታ፤ ቁጥር አታነብምና።

ሄደች። ስንጥሩን እዚያ፣ ባቄላውን እዚህ። ቁልፌን ስታነሳ ትኬቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከንፈሯ ጭልፋ ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ ጣለችኝ። ዘጠኞቹ ላይ!

ሰዉ «ውይ!» አለ። አርባ ሺህ የደረሰው ለአንድ ጡረተኛ አሥር አለቃ ነበር። ሁሉም ከንፈር መጠጠላቸው፤ እሳቸው ግን ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው «እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ትኬቱን ሊረሱት ነበር። ባለ ወፍጮው እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። እንደ አዲስ ሰው።

በማግስቱ ሽማግሌ ላክሁ። መልሱ «ሎተሪው ይውጣና እንነጋገራለን» ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው የፈራሁት። ራሴን አውቀዋለሁ። ዕጣ እስኪወጣ ባለ ዘጠኝ ነኝ፤ ሲወጣ ያው ባለ አጥንት ነኝ። ስለዚህ አንድ ቁና ስንዴ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

«አካም፣ ኦቦ!»

«ደህና። ስንዴ ነው?»

«ስንዴም ነው፣ ስንብትም ነው።»

«ወዴት?»

«ሎተሪው ከወጣልኝማ ሰበታ ምን እሠራለሁ? አዲስ አበባ ሱቅ እከፍታለሁ። እዚያ ሴት ልጅ ያላቸው ነጋዴዎች ሞልተዋል ይባላል። እኔ ጥሩ ነው አላልኩም፣ ይባላል ነው ያልኩት።»

ወፍጮውን አጠፉት። ጆሮዬ ጭው አለ።

«ዘጠኙ ስንት ነበር?»

«አራት፣ ኦቦ።»

«አራት ዘጠኝ…» ዱቄቱን ከቅንድባቸው ጠረጉ። «ሽማግሌዎቹን እሑድ ላካቸው።»

«ሎተሪው ሳይወጣ?»

«የእኔ ልጅ ሎተሪ ትጠብቃለች እንዴ? ላካቸው አልኩህ!»

እሑድ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጡ። ቀን ተቆረጠ።

ሎተሪው ከዚያ በኋላ ወጣ። ሻጩ የወጡትን ቁጥሮች የያዘ ወረቀት ይዞ መጣና በረንዳዬ ላይ አነበብነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ከስምንታችን ለማንም ምንም የለም። ባለ ወፍጮው ሰምተው መጡ። ዱቄታቸውን እንኳን አላራገፉም። ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆመው አዩኝ። እኔም ወይ ቃላቸውን ያጥፋሉ ወይ መቀሱን ያነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«በስንት ሳተ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሩቅ ነው፣ ኦቦ። የወጣው ሰማንያ ሺህ ውስጥ ነው።»

«ሰማንያ…» ዐሰቡ። «እንግዲያው ያንተ ዕድል አይደለም የሳተው። ሻጩ ነው። ቀድሞ ነው የመጣብን፤ ቆይቶ ቢመጣ ሰማንያው ይደርስልን ነበር።»

«ልክ ነው፣ ኦቦ» አልኩ።

ክንዳቸውን እንደ ወፍ ዘረጉ። «በል ለካኝ።»

«ምን ልለካ?»

«ለሰርጉ ኮት አያስፈልገኝም? ሱፍ ይሁን። ገበር ይኑረው።»

«ገበር ይኑረው» አልኩ፤ ስለ ዋጋው አፌን ከፈት ሳደርግ ደግሞ ቀደሙኝ።

«አማች አማቱን ዋጋ ይጠይቃል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ሆዴን አትጭመቅ።»

ሜትሬ ሆዳቸውን ዞሮ አልገጥም ስላለኝ፣ ግማሹን ከፊት፣ ግማሹን ከኋላ ለክቼ ደመርኩት። ከፍ አድርጌ ነው የደመርኩት፤ ቃላቸውን እንዳያጥፉ ብዬ።