የፈሰሰው ክትባት

ባለፈው ሰኔ የልጄን ልጅ ይዤ ባሕር ዳር አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጅቱ ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ስለሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ተከትባ ካርድ መያዝ ነበረባት። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ግማሽ ቀን ካሳለፍን በኋላ አንዲት ነርስ ብቅ ብላ፣ "ክትባቱ የለም፤ መቼ እንደሚመጣም አናውቅም" አለችን። ልንወጣ ስንል አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ "ከቸኮላችሁ በግል የሚገኝበትን ላሳያችሁ" አለ። የልጅ ልጄ ደስ አላት። እኔ ግን ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ምን ሆንሽ? ከፍለን እንገላገል እንጂ" አለችኝ።

ምን እንደሆንኩ ለመንገር ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ።

ያደግሁት ወረታ ነው። አባቴ እድሪስ ገበያው ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ አቡጀዴ፣ ክርና ነጠላ ይሸጣል። ደንበኞቹ የፎገራ ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ ፎገራ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው ሩዝ ነው፤ ያኔ ሩዝ የሚዘራ አልነበረም። ሜዳው የከብት፣ የጤፍ፣ የጓያና የሽምብራ አገር ነበር። ክረምት ሐይቁ የተጠጋን ይመስላል፤ መጋቢት ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ጭቃ ደርቆ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በመጋቢት ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ለብዙ ዓመት ሲመኘው የኖረው ሐጅ ደርሶለት፣ በጎንደርና በአሥመራ አድርጎ ምጽዋ ሊወርድ፣ ከዚያ በመርከብ ሊሻገር ተሰናድቷል። ፈንጣጣ መከተቡን የሚያሳይ፣ ማኅተም ያረፈበት ካርድ ያልያዘ ሰው ግን መርከብ ላይ አይወጣም ተባለ። ክትባቱ በመንግሥት ክሊኒክ በነጻ ይሰጣል። ከቤታችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ወረቀቱን እንዳነብለት አባቴ ይዞኝ ሄደ።

ክሊኒኩ ከከተማው ጫፍ ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ካለችው ዋንዛ ሥር ሰው ሞልቷል። ከመካከላቸው እትዬ የሺን አየሁ። ከርብ ወንዝ ማዶ የምትኖር ገበሬ ናት፤ ለዓመት በዓል ልብስ የምትገዛው ከእኛ ሱቅ ነው። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጇ አለምነሽ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

"ጎረቤት መንደር ፈንጣጣ ገብቷል ጋሼ እድሪስ" አለችው አባቴን። "ሁለት ልጆች ተቀበሩ። ይችን አንዲቷን ላስከትብ ብዬ ሌሊቱን ስጓዝ ነው ያነጋሁት።"

ከነጠላዋ ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ፈትታ አካፈለችን። ጨው የነካካው፣ አመድ አመድ የሚል ቆሎ ነበር፤ ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ረፋዱ ላይ ሐኪሙ ወጣ። በእውነቱ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው፤ እኛ ግን ዶክተር ነበር የምንለው። "ክትባቱ አልቋል። ከጎንደር እስኪመጣ ጠብቁ" ብሎ ተመልሶ ገባ። ሰዉ ተበተነ፤ እትዬ የሺ ግን ምናልባት ትንሽ ተርፎ ይሆናል ብላ ከዋንዛዋ ሥር አልተነሳችም። እኛ በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው የአባቴን ክንድ ያዝ አደረገና፣ "ለመንገድ ከሆነ ከቀትር በኋላ ዶክተሩ ቤት ይምጡ። ሃያ ብር ነው" አለው። ሃያ ብር ያኔ ሦስት በግ ይገዛል።

ከቀትር በኋላ ሄድን። ሐኪሙ ገዋኑን አውልቆ፣ በሸሚዝ ሆኖ በፈገግታ ተቀበለን። ብሩን ተቀብሎ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሳበ። በጎኑ ላይ "የመንግሥት ንብረት" የሚል ተጽፎበታል።

"ይኼ የክሊኒኩ አይደለም?" አልኩት።

"የክሊኒኩ አልቋል ብያለሁ። ይኼ በግሌ ነው" አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

"የመንግሥት ይላል እኮ።"

"ዘሃራ፣ ዝም በይ" አለ አባቴ።

ሐኪሙ ከአንዲት ብልቃጥ ዱቄቱን በውሃ በጠበጠና የአባቴን ክንድ በመርፌ ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ የክሊኒኩን ማኅተም ከሱሪ ኪሱ አወጣ፤ እፍ ብሎበት ካርዱ ላይ አሳረፈው። ያ ማኅተም ከሰውየው ጋር ወደ ቤት እየገባ ያድር ነበር ማለት ነው። ብልቃጧ ውስጥ ለብዙ ሰው የሚበቃ ክትባት ቀርቷል። እሱ ግን መስኮቱን ከፍቶ ሊደፋው እጁን ዘረጋ።

"ይቆዩ!" አልኩ። "እትዬ የሺ ልጇን ይዛ ክሊኒኩ ግቢ ተቀምጣለች። የተረፈውን ለሷ ይስጧት።"

"አንዴ ከተበጠበጠ አያድርም።"

"አሁኑኑ ልጥራት።"

"ሃያ ብር አላት?" አለኝ። "ዛሬ በነጻ ብሰጥ ነገ ማን ይከፍለኛል?"

ወደ አባቴ ዞርኩ። "አባባ፣ ይክፈሉላት።"

አባቴ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። "የመንገድ ስንቅ ነው። ከሱ ከተነካ ምጽዋ አልደርስም" አለ። ውሸቱን ነበር። ለዘመድ ስጦታ መግዣ የለየው ብር እንኳ ከሃያ ይበልጥ እንደነበር አውቃለሁ። ሐኪሙ ብልቃጧን በመስኮት ደፋ። ውሃው ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ላይ ትንሽ ጥቁር ቦታ አበጀ፤ ወዲያው ደረቀ።

አባቴ እጄን ይዞ ቤት አስገባኝ። ከፊቱ ለመውጣት ፈራሁ። ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መስጊድ እስኪሄድ ጠበቅሁ፤ ያችን ሰዓት እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም። እንደወጣ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ዘበኛው፣ "ቅድም ሄደች" አለኝ። ወደ ርብ በሚወስደው መንገድ እየሮጥኩ ሜዳው መሐል ድረስ ፈለግኋት። አጣኋት። ብልቃጧ ተደፍታለች፤ ባገኛትስ ምን ልላት ነበር?

አባቴ በሚያዝያ ሄደ፤ በሰኔ ተመለሰ። ዝናቡ ጀምሮ ሜዳው ውሃ መያዝ ጀምሯል። ቤታችን በሰው ተሞላ፤ ሁሉም "ሐጂ እድሪስ" እያለ ትከሻውን ይስማል። ከሰዓት እትዬ የሺ፣ እሷ የሐዋርያትን ጾም የያዘች ሴት፣ ለእኛ አንድ ቅል እርጎ ይዛ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ መጣች። አለምነሽን በእጇ ትመራለች። የልጅቱ ፊት ተበሳስቷል፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ነጭ ሆነዋል።

"እንኳን በሰላም ተመለሱ ጋሼ እድሪስ" አለች። "ከዚያ አገር ጸበል ይዘው መጡ ሲባል ሰምቼ ነው። ለልጄ ዓይን ጥቂት ቢሰጡኝ።"

መቻል አቃተኝ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ "እትዬ የሺ፣ የዚያን ቀን ክትባቱ አላለቀም ነበር። አባባ በሃያ ብር ተከተበ፤ የተረፈው ዓይናችን እያየ ተደፋ" አልኳት።

እትዬ የሺ አልደነገጠችም። "አውቃለሁ ልጄ" አለች። "ዘበኛው ለእኔም ነግሮኝ ነበር። ሃያ ብሩን ከጋሼ እድሪስ ልበደር ብዬ ገበያ ወጣሁ፤ ሱቁ ዝግ ነበር። አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል ብዬ ደጁ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄን አዝዬ ሄድኩ።"

እኔ ሜዳ ለሜዳ ስፈልጋት እሷ ሱቃችን በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

አባቴ ተነስቶ ከሐጅ ያመጣውን የዘምዘም ውሃ እንዳለ፣ ለማንም ሳያስቀር ሰጣት። በሳምንቱ እናትና ልጇን ይዞ ጎንደር ሆስፒታል ሄደ። ዓይኑ ሞቷል ብለው መለሷቸው። ከዚያ በኋላ ሐጂ ብሎ የሚጠራውን ሰው፣ "እድሪስ በለኝ፣ ይበቃኛል" ይለው ነበር። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ አላዘንኩለትም። ሐኪሙ ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ። ሲሄድ የከተማው ሰው አዋጥቶ በሬ አርዶ ሸኘው፤ እጅ እየነሱም መረቁት። አለምነሽ ጥጥ እየፈተለች፣ የእናቷን ድምፅ እየተከተለች አደገች። ያንን የተበሳሳ ፊት ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ይኼን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። አለቀሰች። በማግስቱም ወጣቱ ወዳሳየን ቤት ሄደን ከፈልን፤ አውሮፕላኑ አይጠብቅም። ያችው ነርስ ስትወጋት ፊቴን አዞርኩ። ሰው ይኼን ስነግረው፣ "ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው" ይለኛል። በአባቴም ጊዜ የተባለው ይኸው ነበር። ዘመን እጁን ዘርግቶ ብር ሲቀበል አይቼ አላውቅም። የተቀበለው ሰው ነው፤ የከፈለውም ሰው ነው፤ ሶላት እስኪደርስ ቤት ተቀምጣ የጠበቀችውም እኔ ነኝ።