ጣና መሀል እሳት ያነደዱት ጌጥ ሠሪ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ነገር ረስቻለሁ። ያችን ቀን ሳወራ ግን ዛሬም ልቤ ይዘላል።

ገና አዲስ አስተማሪ ነበርሁ። ለዘመቻው ደልጊ ስለተመደብሁ ጠመኔና የፊደል ገበታ ይዤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተሳፈርሁ። ቁንዝላ አድረን በማግሥቱ ጉዞ ስንቀጥል አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ሰው ተቀመጡ። አቶ ሰይድ ይባላሉ። በሐይቁ ዙሪያ ካንዱ ገበያ ወደ ሌላው እየዞሩ የብር ጌጥ የሚሠሩ አንጥረኛ ናቸው።

የእንጨት ሣጥናቸውን ሲከፍቱልኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እንደዚያ ያለ ጌጥ አይቼ አላውቅም።

“በወጣትነቴ ምጽዋ አንጥረኛ ቤት ተቀጥሬ ነበር” አሉኝ። “መርከበኛው ያጠለቀውን ሁሉ በደብተር እሥል ነበር። ይህች የየመን ናት፣ ያች የሰሐራ ዘላኖች፣ ይህች ደግሞ የህንድ። እጁ ግን የኔ ነው።”

የብር ጠብታዎች የተንጠለጠሉበትን የህንዱን ሐብል ሰጡኝ። “እስከ ደልጊ አጥልቂው፤ መልኩ የሚታየው አንገት ላይ ሲሆን ነው።”

አጥልቄው ስኩራራ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ሞተረኛው አንዲት የመዳብ ቧንቧ ይዞ ብቅ አለ። ናፍጣ የምታሳልፈው ቧንቧ ተሰንጥቃለች፤ መለወጫ የለም። ነፋሱ እየበረታ ወደ ድንጋያማው ዳርቻ ይገፋን ጀመር። መልሕቅ ቢጥሉም አልያዘም። አብረውን የተሳፈሩት ነጋዴ ሴቶች ማርያምን እየጠሩ አለቀሱ።

አቶ ሰይድ ቧንቧዋን ተቀብለው አገላበጧት። “በብር ትበየዳለች” አሉ።

“ናፍጣ በጫነ ጀልባ ላይ እሳት?” ብሎ ጮኸ ሞተረኛው።

ካፒቴኑ ድንጋዮቹን አየና “ከናፍጣው ራቅ ብለው ከኋላ ያንድዱ፤ ብቻ ቶሎ!” አላቸው።

አቶ ሰይድ ቧንቧዋን በሳሙና አጥበው ትንሿን የብረት ምድጃቸውን ከነወናፏ አወጡ፤ ከሰሉንም አያያዙ። ነፋሱ ግን ፍንጣሪውን ይበትነዋል። ይኸኔ ወደ ገዳም የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ መርጌታ ተነሥተው ጥላቸውን ዘረጉ፤ ጋቢያቸውንም በሌላው እጃቸው ወጥረው ቆሙ።

“ልጄ፣ አንቺ ወናፉን ያዢ። ነፋሱን ለኔ ተዪው” አሉኝ።

ወናፉን ያዝሁ። አቶ ሰይድ ወደ እኔ ዞረው “ጥሬ ብር ጨርሻለሁ፤ እስቲ ሐብሉን አምጪው” አሉኝ። አውልቄ ስሰጣቸው ሦስቱን ጠብታዎች በመቀስ ቆረጧቸው።

“ወይኔ!” አልሁ።

“ወይኔ የሚባለውስ ድንጋዩን ስንመታ ነው” ብለው ሳቁ።

ብሩን ከነሐስ ብናኝ ጋር አቅልጠው ቀጠቀጡና ስንጥቁ ላይ አድርገው ቧንቧዋን ፍሙ ውስጥ አስገቧት። እኔ ወናፉን ባለ በሌለ ኃይሌ እነፋለሁ። ከድንጋዮቹ ላይ የተቀመጡትን ወፎች መቁጠር እስክንችል ድረስ ተጠግተናል። ብሩ ድንገት አበራና እንደ ውኃ ሮጦ ስንጥቁን ሞላው።

ሞተረኛው ቧንቧዋን ነጥቆ ወረደ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ዝም አለ። ደግሞ ሳለ፣ ዝም አለ። በሦስተኛው ተነሣ!

እልልታው ወፎቹን ከድንጋዩ ላይ አስነሣቸው። መርጌታ ፍንጣሪ የበሳሳውን ጥላቸውን ከፍ አድርገው አሸበሸቡ። ካፒቴኑ ጀልባዋን ከድንጋዮቹ ሲያርቅ እኛ ተቃቅፈን እንጨፍራለን። አንዷ ነጋዴ አቶ ሰይድን ትከሻቸውን ስማ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀበላታለች።

“ኧረ እኔ ቧንቧ ነው የበየድሁ!” ይላሉ እሳቸው አፍረው።

ደልጊ ስንደርስ ሣጥናቸውን ለመሸከም ተጋፋን። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም፤ በየገበያው ብጠይቅም ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ትዳር ይዣለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ብዙ ደስታም አይቻለሁ። በሠርጌ ቀን እንኳ ግን እንደዚያች ቀን አልጨፈርሁም። ባለቤቴ ይህን ስናገር ዛሬም ያኮርፋል፤ ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።