አማቴን ያቀፍኩ ዕለት

በእኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። እኔ አማቴ ፊት ጠግቤ በልቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ አያናግሩኝም። ባለቤቴ አምና ከሞተች ወዲህ ሕፃን ልጄን የሚያሳድጉልኝ እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ደግሞ እሳቸው ታመሙ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ፣ «የሰውነታቸው መከላከያ ስለተዳከመ ፈንገስ አንጎላቸው ድረስ ገብቷል» አለኝ። መድኃኒቱ ቢጀመርም ራስ ምታቱ ጠንቶ ሰው መለየት ተሳናቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ግፊት እንዲቀንስ ከጀርባቸው ፈሳሽ መቀዳት ነበረበት።

«ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አጥፈህ ጥብቅ አድርገህ እቀፋቸው፤ ከተንቀሳቀሱ መርፌው ይስታል» አለኝ ሐኪሙ።

«አማቴ ናቸው እኮ።»

«እና ማን ይያዝልህ?»

ከአገራችን ከገሳይ አብረውን የመጡት ዘመዶቻችን መርፌውን ፈርተው ውጭ ቆመዋል። ምን ላድርግ፣ አቀፍኳቸው። ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። ወደ ግድግዳው ሳዞረው ጆሮዬ አፋቸው ላይ ያርፋል፤ ወደ እሳቸው ማዞሩማ ጭራሽ ጉድ ነው። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ሲል የእኔም ላብ አብሮ ይወርዳል። እሳቸውም ከሄዱ ልጄ ማን አላት እያልኩ ባሰብኩ ቁጥር ይበልጥ አጠበቅኳቸው። ሐኪሙ መርፌውን ነቅሎ «በቃ፣ ልቀቃቸው» ሲለኝ እንኳ አልሰማሁትም።

ያን ጊዜ አማቴ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ።

«ጌታሁን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ልጄ ‹ባሌ ማቀፍ አይችልበትም› ትለኝ ነበር፤ ለካ ዋሽታኛለች።»