የአባባ ደምሴ ግራ ዓይን

«አንቺ፣ ሰው ማሳመር አትችዪም እንዴ?» አለችኝ ባለፈው ሳምንት ሮቤ ላይ አንዲት የእኔ እኩያ፣ ምስሏን ጨርሼ ሳሳያት። ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለችኝ። አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳ እንዳለ ስለሳልኩት ነው።

«መቆንጀት ከፈለግሽ ፎቶ ቤት ሂጂ» አልኳት። «ፊትሽን ያነጡልሻል፤ ከጀርባሽ ፏፏቴም ያደርጉልሻል።»

ተኮሳትራ ሥዕሉን በብብቷ ይዛ ሄደች። እኔም ብሩሾቼን እያጠብኩ ሳቄ መጣ። ከዚህ የባሰ ሰምቻለሁ እኮ! ያውም ጎባ ላይ፣ ያሳደገኝ ሰፈር ሁሉ ተሰብስቦ በተቀመጠበት።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። እናቴ ደሎ መና ቡና የሚነግድ ወንድም አላት፤ መጋዘኑ ውስጥ ቆማ ቡና የምታስለቅምለት፣ የምታስመዝንለት ዘመድ ይፈልግ ነበር። ደሎ መናን አልጠላም፤ ማሩም ሙቀቱም ደግ ነው። መጋዘን ውስጥ ግን መቆም አልችልም። እኔ ሳህን ሳጥብ እንኳን አሥሬ ውጭ ወጥቼ የምመለስ ሰው ነኝ። ከሰው ፊት ለፊት እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ብቻ ነው እግሬ አርፎ የሚቀመጠው። ያኔ ምሳ ሰዓት ቢያልፍም አይታወቀኝም።

አባባ ደምሴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነበሩ፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ወዴት እንደሚዞር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እርጅና ሲመጣ «በቃኝ» አሉ። እድርተኛው ምን እንስጣቸው ብሎ ሲመካከር አንዱ ጋቢ አለ፣ ሌላው የግድግዳ ሰዓት አለ፣ እናቴ ብድግ ብላ «ልጄ ትሳላቸውና አዳራሹ ውስጥ ይሰቀሉ» አለች። ሰው ተስማማ።

ማታ ቤት ስንገባ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚ አንቺ ኢንተላ፣ ስሚ ልጄ፣ ይሄ ሥዕል ተሰቅሎ ሰው ከወደደው ትስያለሽ፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ካልተሰቀለ ደሎ መና ትወርጃለሽ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቀለም አላሸትም።»

«ይሰቀላል» አልኳት። አልጠራጠርም ነበር።

አሁን ስለ ዓይናቸው ልንገራችሁ። የአባባ ደምሴ ግራ ዓይን አያይም። ልጅ ሆነው ገብስ ሲወቃ ገለባ ገብቶበት ነው ይባላል። ይባላል ያልኩት እሳቸውን ደፍሮ የጠየቀ ስላልነበረ ነው። ሰፈሩ ግን ልማድ አውጥቶለት ነበር። ሰው ሁሉ ሰላም የሚላቸው በቀኛቸው ዞሮ ነው፤ የሚቀመጠውም በቀኛቸው። እኛ ልጆቹ ማንም ሳይነግረን በቀኛቸው በኩል እየሮጥን ነው ያደግነው። እሳቸውም በየስብሰባው ከግራ ግድግዳ ተጠግተው፣ ቀኛቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይቀመጣሉ።

ልስላቸው ቤታቸው ስሄድም እንደዚያው ነበር። የሮቤ መንገድ ኮምባይነር የሚርመሰመስበት የስንዴ አጨዳ ወቅት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ ግን ጣት ይቆርጣል። በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አዙረው ቀኝ ጉንጫቸውን ሰጡኝ። ልጃቸው እትዬ አስቴር፣ ቢሮ የምትሠራው፣ ገና ትኩስ በሆነ ቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን አቀረበችልኝ። በበላሁ ቁጥር የብሩሹ እጀታ በቅቤ እያሙለጨለጨ ያስቸግረኝ ነበር። አቡጀዲ በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ለቅልቄ፣ የሰጡኝን ጎን ሳልኩ። አፍንጫቸው፣ ከጆሯቸው ሥር የበቀለችው ሽበት፣ የጋቢያቸው ጥለት ሁሉም ልክ ነበር። ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ከሳልኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ጨርቁን ገለጥኩት።

ከኋላ አንድ ሰው አማተበ። ከዚያ እትዬ አስቴር ተነሳች።

«አባቴን ይሁዳ አደረግሽው?»

«ምን?»

«ሌላው ዓይኑ የታለ? የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አይተሽ አታውቂም?»

አይቼ አውቃለሁ እንጂ! ከሥሩ ነው ያደግሁት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸውን ሙሉ ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ሰማዕታቱን የሚገርፈው ወታደር ደግሞ በጎን ናቸው፤ አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን ቄስ ቆሞ አላስተማረንም። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ የሚለየው። እኔ ከስልክ ላይ የውጭ አገር ሥዕል ሳይ፣ የጎን ፊት ስለማመድ ቆይቼ፣ አዳራሹን የሞላው ሰው በምን ዓይን እንደሚያየኝ አላሰብኩም። የሰፈሩ ሰው አባባ ደምሴን በቀኝ በኩል ዕድሜ ልኩን አይቷቸዋል፤ ግን በሥዕል አላያቸውም።

እሳቸው ከተቀመጡበት ሆነው ረጅም ጊዜ አዩት። «እጇ መልካም ነው» አሉ ቀስ ብለው። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሮ ተቀመጠ።

ውጭ ስንወጣ እትዬ አስቴር ተከተለችኝ። ንዴቷ በርዶላት ነበር። «ሥራውስ ጥሩ ነው፤ ከፊት አድርገሽ ድገሚው። ሁለት ዓይን አድርጊለት። ሁለቱንም ደህና ደህና።»

«ግራው እኮ ደህና አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ሁሉም ያውቃል!»

«ሁሉም ካወቀ ለማን ነው የምዋሸው? እኔ የማላየውን አልስልም።»

እናቴ እስከ ቤታችን ድረስ ተንጨረጨረች። «አንድ ዓይን ብትጨምሪ ምን ትሆኛለሽ? ቀለም ነው እኮ! ዘይት ነው! እስከሚቀጥለው ስብሰባ ጊዜ አለሽ። ካልሆነ ልብስሽን እጠፊ።»

በነጋታው በማለዳ አባባ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ሣሩ ላይ የወረደው ውርጭ ገና አልቀለጠም። እትዬ አስቴር ቢሮ ሄዳለች። በረንዳው ላይ ለብቻቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። በግራቸው በኩል ወጥቼ ቆምኩ።

«አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አባባ።»

ደንግጠው ዞሩ። በዚያ በኩል የመጣባቸው ሰው የለማ።

«ፊትዎን ወደ እኔ ያዙሩልኝ» አልኳቸው። «አንድ ዓይን ያደረግኩዎት እኔ አይደለሁም። ደብቀው ስለተቀመጡ ነው።»

ልባቸውን የሚያውቁ ሰዎች አባባ ደምሴ ሲናደዱ ይስቃሉ ይሉ ነበር። ሳቁ። እኔም ከነቀለሜ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ግን ወንበሩን በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ዞሩና ሙሉ ፊታቸውን ሰጡኝ። ዕድሜዬን ሁሉ የማውቃቸውን ሰው ያን ጠዋት ገና አየኋቸው። ሥራ ስጀምር አፌ ሥራ ይፈታል፤ ስነድፍ፣ ስቀባ ቆየሁ። ፀሐይዋ ከበረንዳው ምሰሶ ወደ እግራቸው ስትወርድ ነው እሳቸው የተናገሩት። ከገበሬ ጋር ጉዳይ ሲይዙ እንደሚያደርጉት በኦሮምኛ ነው የጠየቁኝ።

«ማል አርግቴ?» ምን አየሽ ማለታቸው ነው።

«ዓይንዎን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ሌላውንማ አውቀዋለሁ።»

«ነጭ አይደለም» አልኳቸው። «ሰው ሁሉ ነጭ ይመስለዋል። መሃሉ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል፣ ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ቆቡ ትንሽ ወረድ ብሏል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ግን ከቀኙ ይልቅ ልጅ ነው፤ መጨማደድ የሚባል አያውቅም።»

«ሰማያዊ?»

«ሰማያዊ። ለእሱ ብዬ ቀለም ስደባልቅ ነው የረፈደብኝ።»

እጃቸውን አንስተው የዓይናቸውን ቆብ ነካ አደረጉት። «እኔ በመስታወት ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም። ጢሜንም ሰው ነው የሚላጨኝ። የአስቴር እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በቀኜ ነው ተኝታ የኖረችው።» እጃቸውን አወረዱና «በይ እንግዲህ ሰማያዊውን እንዳትሰስቺ» አሉኝ።

እኔ ሰው ፊት ተቀምጬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ከዚያ የተሻለ የሥራ ትእዛዝ ግን እስከ ዛሬ አልሰጠኝም ማንም።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ከወትሮው ይልቅ ሞልቶ ነበር። ለምን እንደመጡ አውቃለሁ፤ የእኔን ጉድ ለማየት ነው። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን አሥሬ ታጣፋለች። ጨርቁን ሳብኩት።

ሁሉም መጀመሪያ ያዩት ያንን ዓይን ነው። ከዚያ ቶሎ ብለው ሌላ ቦታ ለማየት ሞከሩ፤ ሥዕል ላይ ግን ወደ ቀኝ መዞር አይቻልም።

«አባዬ!» አለች እትዬ አስቴር ብድግ ብላ። «ይሄንን እኮ ሰው ሁሉ ያየዋል!»

«እስካሁን ያላየ ማን አለ?» አሉ አባባ ደምሴ። ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከግራው ግድግዳ ተነሱና ከሥዕሉ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ፊታቸውን ሙሉ ወደ ሕዝቡ አዞሩ። ከፊት የተቀመጡት በልማዳቸው ወደ ቀኛቸው ሊሸሹ ተነቃነቁ፤ ቦታ አጡ።

«አስቴር፣ ነይ ቁጠሪ።»

«አባዬ፣ ተው።»

«ቁጠሪ ነው የምልሽ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ያነሳሽው አንቺ ነሽ።»

መጥታ ቆመች። ቀኙን አየች። ግራውን አየች። ያኔ ሥዕሉን ትታ የአባቷን ፊት ማየት ጀመረች።

«ሁለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«አየም አላየም ሁለት ነው» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ስቀሉት።»

ሚስማሩ ሲመታ ሰው እየተነሳ መተራመስ ጀመረ። እኔ ቀለሜን ስሰበስብ አንድ እጅ ክንዴን ጨበጠኝ። እማማ በላይነሽ ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የሚኖሩ፣ ሰፈሩን በምላሳቸው የሚያንቀጠቅጡ አሮጊት።

«ስሚ፣ እኔንስ ከነእንቅርቴ ትስይኛለሽ?»

«ከነእንቅርትዎ።»

«ሳታሳንሺ?»

«ሳላሳንስ ሳልጨምር።»

ነጠላቸውን እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ በሰው መሃል፣ ዙር በዙር ፈቱት። «እንግዲያው ሐሳቤን ሳልቀይር ነዪ» አሉኝና ቀድመው ሄዱ።

በሩ አጠገብ እናቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ነመ ቢራ በርባዲ፣ ሌላ ሰው ፈልግ እባክህ» ትላለች ለወንድሟ። ከረጢቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በአጠገቧ አልፌ፣ እማማ በላይነሽን ተከትዬ ወጣሁ።